ጉንጬ ውስጥ የቀረችው አሜን

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየጸለየ። ልተኛ ብዬ አልተኛሁም። «ዐይናችንን እንጨፍን» ተባለ፣ ጨፈንኩ፣ በዚያው ሄድኩ። ጸሎት ላይ እንቅልፍ ወስዶት የማያውቅ ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

ሕልሙን ከመጀመሬ በፊት ግን ሳሎኔ ውስጥ እነማን እንደነበሩ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ባለቤቴ አይናዲስ አለች። ከተጋባን ጀምሮ ልጅ እንፈልጋለን፣ አልሰጠንም፤ እሷ በዚህ ነገር ያላለቀሰችበት ክፍል ቤታችን ውስጥ የለም። ጥግ ላይ፣ ዱካዋ ላይ፣ እቴቴ አለች። እቴቴ የአባቴ እህት ናት፣ ስሟ ዘነቡ ነው፣ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከእኔ ቤት በቀር መሄጃ የላትም። ቀኑን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ትውላለች፤ የእኛን ስትጨርስ የጎረቤት ታስመጣለች።

ጆሮዋ ከከዳት ቆይቷል። ሳሎናችን ውስጥ የሚጸልየው ቡድን ሲመጣ ከጥጓ ሳትነሣ አፍ አፋችንን ታያለች፣ ሲያልቅ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ምን አሉ?» ትለኛለች። እኔም ማን ይጮሃል ብዬ፣ «መልካም ነው፣ አሜን በይ» እላታለሁ። አሜን ትላለች። የእቴቴ ስብከት ይኸው ነው።

ነቢይ ኤልዳድን ያመጣችው አይናዲስ ናት። ባለፈው ሳምንት እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ የማኅፀንሽን ቁልፍ የያዘች አሮጊት በዚህ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣለች አላት። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው። አንዱ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን አለ፣ አንዱ ላይ ፍሪጅ፣ አንዱ በር ነው። እንግዲህ የቀረውን እናንተ አስቡት። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ አብርሃም አገልጋይቱን እንዲያሰናብት የተባለበትን ቦታ አነበበ፤ «አሳድዳት» የሚለው ላይ ሲደርስ ጥርቅም አድርጎ ከደነው። ትናንት የመጣው ለውሳኔው ነበር፤ እቴቴ ትውጣ ወይስ ትቅር።

እኔ ደግሞ ሰው አላምንም። የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው፤ ኩሽኔታውን በመዳፌ ይዤ ብቻ ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ እነግራችኋለሁ። ሰውዬውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠርጥሬዋለሁ። ጫማውን ጠርጥሬያለሁ፣ ሲጸልይ ሰዓቱን ማየቱን ጠርጥሬያለሁ፣ ሻይ ሲቀርብለት «አልፈልግም» ብሎ ሁለት መጠጣቱን ጠርጥሬያለሁ። ዛሬ አፉን ሲከፍት እይዘዋለሁ፣ እቴቴ የትም አትሄድም እላለሁ ብዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ረዘመ። ምሳ ጎመን በሥጋ ነበር የበላሁት። ሶፋውም ለስላሳ ነው።

በግ ተራ መሀል ቆሜ ራሴን አገኘሁት። የበዓል ዋዜማ ይመስላል፣ ግርግር ነው። ገዢዎቹ ግን በጎቹ ናቸው። የታሰሩት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው፤ ሰባኪ፣ ነቢይ፣ ሐዋርያ፣ ሁሉም በየክራቫታቸው ከእንጨት ጋር ታስረው በረድፍ ቆመዋል። በጎቹ በመሀላቸው እየዞሩ ሽንጣቸውን ይዳብሳሉ፣ አገጫቸውን ይዘው ጥርሳቸውን ያያሉ።

አንዲት ራሷ ጥቁር የሆነ፣ መነጽር ያደረገች፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች በግ የአንዱን ሐዋርያ ከንፈር ገለጠችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ይህ ጥርስ ሣር አያውቅም አለች። ደላላው ፍየል ነበር፤ ኧረ እትዬ፣ የዋህ ሰው ነው፣ የእኔን ልጆች ያሳደገው እሱ ነው ብሎ ማለላት።

«ልጆችህ የት አሉ?» አለችው።

ፍየሉ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሌላ ገዢ መጣራት ጀመረ።

እትዬ በግ ወደ እኔ ዞረች። ስሟን ስላልነገረችኝ እንዲያ እያልኩ ነው የምጠራት። የጎድን አጥንቴን ቆጠር ቆጠር አድርጋ ይሄስ ስንት ነው ስትል ደነገጥኩ። እኔ የሚሸጥ ሰው አይደለሁም፣ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ አልኳት። ፎርጅድ ለይተህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን! ሳቄ መጣ። እንግዲያው ተከተለኝ፣ ዛሬ የሚመረመር አንድ ሰው አለ፣ በእሱ ነገር አንዲት አሮጊት ከቤቷ ትውጣ ወይም ትቅር ይባላል አለችኝ። ተከተልኳት። እውነቱን ለመናገር እሷንም ጠርጥሬያታለሁ፤ ሆዷ ሥር ዚፕ ይኖር ይሆናል ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የለም።

ይዛኝ የሄደችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሩ ላይ ፍተሻ ነበር። እኛ ዘንድ የሚፈተሸው ቦርሳ ነው፣ እዚያ አፍ ነው። ፈታሹ ሽማግሌ በግ «አሜንህን አሳይ» አለኝ። ለካ በዚያ አገር ሰው አሜኑን የሚይዘው ጉንጩ ውስጥ ነው። የተባለውን ይሰማል፣ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ ያድርበታል፣ መጽሐፉን ገልጦ ያያል፣ የሚያምነውን ሰው ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው አሜኑን አውጥቶ የሚሰጠው። አንዴ ከወጣች አትመለስም። ቤት ታቆማለች፣ ቤትም ታፈርሳለች።

አፌን ስከፍት አሜኑ ይፈሳል እንጂ አይቆምም። መሬቱ ላይ እንደ ሽንብራ ቆሎ ተንከባለለ። ለስብከቱ የያዝኩት አለ፣ ለማስታወቂያው የያዝኩት አለ፣ የድምፅ ማጉያው ሲሞከር «አንድ፣ ሁለት» ሲባል የምለው ሳይቀር ወጣ። ሰልፈኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ለማን ልታድል ነው ብሎ አፈጠጠብኝ። በመጥረጊያ ሰብስቦ ወሰደውና አንዲቷን ብቻ አራግፎ ጉንጬ ውስጥ መለሳት።

«ይቺን አደራ» አለኝ።

ውስጥ ገባን። ሕዝቡ በሙሉ መድረኩ ላይ ተጨናንቆ ቆሟል፤ ታች፣ ባዶ ወንበሮች መሀል፣ ሰባኪው ብቻውን ተቀምጧል። ለመናገር እጁን ያወጣል። አንድ ቃል ሲጠቅስ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ከላዩስ?» ይለዋል፣ ገጹን ወደ ኋላ ይገልጣል። «ከታቹስ?» ይለዋል፣ ወደ ፊት ይገልጣል። ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ያነባል እንጂ የሚቆጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር። ኪቦርዱ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እትዬ በግን ለምን ተቆለፈ ስላት፣ ሰውዬው ሲናገር ከሥር ሙዚቃ ከተነካ የትኛው ልብህን እንደነካው አታውቅም አለችኝ። የእኛ ቡድን ኪቦርድ ትዝ አለኝ። አይናዲስ የምታለቅሰው ሁልጊዜ ኪቦርድ መቺው መምታት ሲጀምር ነው።

ወዲያው በሩ ተንኳኳና አንድ ግማሽ ጥቅስ በአንድ እግሩ እየነጠረ ገባ። ከወገቡ በታች የለም። የታች ግማሼን ያያችሁ፣ የታች ግማሼን ያያችሁ እያለ በየወንበሩ ሥር ይፈልጋል። አወቅሁት። ሳሎኔ ውስጥ የተነበበው፣ «አሳድዳት» የሚለው ነበር።

ከሥርህ ምን ነበር የሚለው ብዬ ጠየቅሁት።

«ከእኔ በታች የተባረረችው ሴት በረሃ ላይ ትቀመጣለች፣ ውሃ አልቆባት ታለቅሳለች» አለኝ። «እግዚአብሔርም ይሰማል፣ ውሃም ያሳያታል። እዚያ ድረስ የሚያነብልኝ ጠፋ። እኔን ብቻ ቆርጠው ይዘውኝ ይዞራሉ፤ በገባሁበት ቤት ሁሉ አንድ ሰው ይወጣል።»

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። መጽሐፉ እኮ ሳምንቱን ሙሉ እቤቴ ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ጎን። አንድ ገጽ ነበር የሚቀረኝ።

መርማሪው ይቅረብ ሲባል እትዬ በግ በቀንዷ ጎሸመችኝ፤ በግ ቀንድ እንዳላት እንኳ ያኔ ነው ያየሁት። የሚመረመረውን አመጡት። ነቢይ ኤልዳድ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ የበግ ለምድ ለብሷል። እንደ ሱቄ ልማድ ሥራዬን ጀመርኩ። ሱፉን አሸተትኩ፣ በጣቴ ፈተልኩት፣ ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። ዛሬ አለቀልህ እያልኩ ነበር በሆዴ። ግን ምንም አጣሁበት። ለምዱ ኦርጅናል ነው።

ኦርጅናል ነው ብዬ ተናገርኩ።

«ኦርጅናል እንጂ» አለች እትዬ በግ፣ መነጽሯን አውልቃ። «የአጎቴ ነው።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የእኛ መንደር ሥራ ነው እኮ! ከጋራዥ ባዶውን የኦርጅናል ካርቶን ይለቅሙና ፎርጅዱን ኩሽኔታ ከትተው ያሽጉታል። ካርቶኑን ብትመረምር ስትመረምር ብትውል ምንም አታገኝም፣ ካርቶኑ እውነተኛ ነዋ። ይህንን ለሕዝቡ አስረዳሁ። ታዲያ አንተ በምን ትለያለህ አሉኝ። የሚለየው መኪናው ላይ ተገጥሞ ሲሄድ ነው፣ ፎርጅድ ከሆነ ባለቤቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል አልኳቸው። እትዬ በግ ዘንቢሏን አነሣች። እንግዲያው ይህ ሰው የመጣበትን መንገድ ተከትለን ማን እንደወደቀ እንይ አለች።

ወጣን። መንገዱ በየሰዉ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያው ቤት ሰዎች ዐይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ አንድ ባዶ ዱካ ዘርግተዋል፤ ዱካው ላይ የነበረችው አሮጊት የለችም። ሁለተኛው ቤት ጠረጴዛ ላይ ያልተነካ መድኃኒት ተደርድሯል፣ አልጋው ባዶ ነው። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ሰው በሚስቱና በራሱ መካከል ግድግዳ ሠርቶ ግድግዳውን ይባርካል። የተባላችሁት ተፈጸመ ወይ፣ ልጁ መጣ፣ በሽታው ዳነ ብዬ በየቤቱ ጠየቅሁ። ሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጡኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የተባልነው አሉ። ቆጡ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚል ጽሑፍ ሸረሪት አድርቶበታል። በዚያ ሁሉ ቤት የሕፃን ድምፅ አልሰማሁም።

አይናዲስ አሁን ይህንን ብታይ አልኩ። ልጅ ፈልጋ ነው እንጂ ክፉ ሆና አይደለም፤ ለእቴቴ ሻሽ የምታስርላት እሷ ናት።

የመጨረሻው ቤት የእኔ ነበር። ደረጃውን የወጣሁት ቁልቁል እየሄድኩ ነው፤ በሩን ስከፍት እቴቴ ጥጓ ላይ አለች። ነጭ ሽንኩርቱን ትልጥ የነበረችው ግን ልጣጩን መልሳ እያለበሰች ነው። ጆሮዋ ድኗል፤ ገና ደረጃ ላይ ሳለሁ ኮቴዬን ሰምታ ስሜን ጠርታኛለች።

«ደምሰው፣ ምን አሉ?» አለችኝ።

ዛሬስ ልነግራት ነው አልኩ። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ። አፌን ከፈትኩ። ያቺ አሜን ጉንጬ ውስጥ ወፍራ ምላሴን ይዛዋለች። አልተፋኋት፣ አደራ ተብያለሁ። አልዋጥኳት፣ ትልቅ ናት። እቴቴ አፍ አፌን ታያለች።

በዚህ መሀል ነቢይ ኤልዳድ ለምዱን እየደባበሰ በሩ ላይ ቆመ። ይራገማል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ለእርግማኑ ተዘጋጅቻለሁ። ያስፈራራኛል ብዬ ነበር፣ ለዚያም ተዘጋጅቻለሁ። ዘይት ቢያወጣ፣ ቢያለቅስ፣ ቢወድቅ፣ ለሁሉም መልስ አለኝ። እሱ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

«ይህን ሰው እዩት» አለ ለስለስ ብሎ። «ሁላችሁም ስትታለሉ ያልተታለለው እሱ ነው። መንፈስን የመለየት ጸጋ ያለው እሱ ነው። እሱ ካላረጋገጠ እኔም አልናገርም።»

ጫማውን ጠርጥሬያለሁ፣ ሰዓቱን ጠርጥሬያለሁ፣ ለምዱን ገልብጬ አይቻለሁ፣ መንገዱን ተከትዬ ሄጃለሁ። ይህኛውን ግን አልጠረጠርኩም። እውነት ነዋ! ስንት ዓመት ሙሉ ይህን የሚናገርልኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ደረቴ ተነፋ፣ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ። እትዬ በግ ከሕዝቡ መሀል ራሷን ትነቀንቃለች፣ ተው ተው ትለኛለች፤ አየኋት፣ ቀንታ ነው ብዬ አለፍኳት። አሜኗ ከጉንጬ ተንሸራተተች። ምላሴ ላይ ስትደርስ እንደ ማር ጣፈጠችኝ።

«አሜን!» አልኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

በገዛ ድምፄ ነቃሁ።

ጸሎቱ ቆሟል፣ ኪቦርዱም ቆሟል፣ ሁሉም ዐይኑን ገልጦ እኔን ያያል። የነቢይ ኤልዳድ ጣት ወደ እቴቴ ጥግ እንደተዘረጋ ነው። አይናዲስ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እምቢ ትላለህ ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ እኮ ትለኛለች።

«የቤቱ ራስ ከተስማማ ይህች ሴት ዛሬ ትውጣ ብዬ ነበር» አለ ነቢዩ፣ ሰዓቱን እያየ። «የእናንተን አሜን አልጠበቅሁም፣ የእሱን ነበር። ሰምታችኋል።»

ከቡድኑ ሁለቱ ተነሥተው የእቴቴን ፍራሽ መጠቅለል ጀመሩ። ቆዩ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ከታቹስ ልል፣ መጽሐፉ የት አለ ልል። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ እንጂ ቃል አልወጣም። እቴቴ ከጥጓ ሆና አፍ አፌን ታያለች። ነጭ ሽንኩርቱን ከጭኗ ላይ አራገፈች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ፈገግ አለችልኝ።

«አሜን፣ ልጄ» አለች።

ምን አሉ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።